የሚዘል ልብና የቅጥር የጤና ምርመራ

የጽሑፍ ፈተናውን አልፈዋል፣ ቃለ መጠይቁን ጨርሰዋል፤ የቅጥር ደብዳቤ እጅዎ ከመግባቱ በፊት የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የጤና ምርመራ ውጤት። ልብዎ አንዳንዴ እንደሚዘል ግን ያውቃሉ። ማታ ጋደም ሲሉ አንዷ ምት የጠፋች ይመስልዎትና ተከታይዋ ጠንክራ ደረትዎን ትመታለች። ይሄኔ የሚመጣው ጥያቄ «እንዴት ልለፍ?» የሚል ነው፤ የጓደኛም የጎረቤትም ምክር የሚዘንበው ለዚሁ ጥያቄ ነው። ዝም በል፣ ኪኒን ዋጥ፣ የሚያውቅህ ሐኪም ፈልግ። የዚህ መመሪያ አቋም ሌላ ነው። በቅጥር ምርመራ ላይ ሰውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ የልብ ምቱ መዛባት ራሱ አይደለም፤ መዛባቱ ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የምርመራ ወረቀት የሚሞላ ባለሙያ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ያልተስተካከለ ምት በጣቱ ሲያገኝና ማብራሪያ ሲያጣ፣ ኃላፊነቱን የሚጠብቅለት አንድ ነገር መጻፍ ብቻ ነው፤ «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል»። ያንን ተጨማሪ ምርመራ እርስዎ ቀድመው ጨርሰውት ከቀረቡ ግን ይኸው ባለሙያ የሚያነበው መልስ አለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መልስ እንዴት በእጅ ማስገባት እንደሚቻል ነው።

መጀመሪያ የሚቀጠሩበትን ሥራና የሚሞላውን ፎርም ይመልከቱ። ቅጹን ከቀጣሪው አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለበትም። ምርመራው ልብዎ በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን አለመዝለሉን አያጣራም፤ የሚያጣራው ይህን ሥራ ራስዎንም ሌላውንም ሳይጎዱ መሥራት መቻልዎን ነው። መልሱም እንደ ሥራው ይለያያል። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ለሚያስተምር፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ለሚቀበል ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ለሚይዝ ሰው አልፎ አልፎ የሚዘል ምት ሥራውን የሚነካበት መንገድ የለም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸናና ወልድያ በሚዘልቀው፣ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» በሚለው ጠመዝማዛ አውራ ጎዳና አውቶቡስ ለሚነዳ ግን ነገሩ ይከብዳል። እዚያ የሚመዘነው ሾፌሩ ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ም የጤና ምርመራን የፈቃዱ አካል አድርጎታል። ከሁሉም ጥብቁ የአብራሪነት ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የንግድ አብራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረመር ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስገድዳል፤ ዕድሜው ከ30 ሲያልፍ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ፣ ከ50 በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ይደገማል። ፖሊስና መከላከያ በበኩላቸው ሩጫ አለባቸው። ስለዚህ «የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ይቀጠራል ወይ?» ለሚለው የጅምላ ጥያቄ መልስ አይፈልጉለት፤ የለውም።

ሕጉም የሚያስበው በዚሁ መንገድ ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ሲቪል ሰርቫንቶች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ዕጩው ለአገልግሎት ብቁ መሆኑን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ሲጠይቅ የኤች አይ ቪ ምርመራን በግልጽ ከውስጡ አውጥቶት ነበር። ምርመራው የሰውን ገመና ሁሉ መበርበሪያ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አያስፈልግም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ፣ ሕግ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ሠራተኛው እንዲመረመር ሲያዝ ወጪው የአሠሪው ነው። ገና ያልተቀጠረ ሰው የካርዱንና የላቦራቶሪውን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል፤ ቢሆንም ማን እንደሚከፍል ከመሄድዎ በፊት መጠየቅ አይጎዳም።

ቀጥሎ ምትዎን ራስዎ ይቁጠሩ። ጠዋት ከመኝታ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይቀምሱ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፈው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተስተካከለ ምት ይበቃል፤ የሚዘለውን ግን ያሳስተዋል። ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ሰው ወይም ሯጭ ምንም ሳይሰማው ከ60 ቢወርድ አያስደንቅም። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን ልብ ይበሉ። አየር ሲስቡ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት የሚል ከሆነ ይህ የወጣትና የጤነኛ ልብ ጠባይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ አይደለም። ምቱ በሥርዓት እየሄደ አልፎ አልፎ አንዷ የቀረች መስላ ቀጣይዋ ጠንክራ የምትመጣ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተራዋ ቀድማ የመጣች ምት ናት። ምንም ሥርዓት የሌለው፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ግን የልብ የላይኛው ክፍል እየተርገበገበ ሊሆን ይችላልና ሳይመረመሩ ውለው አይደሩ። አራተኛው ዓይነት ደግሞ ድንገት ተነስቶ በደቂቃ 150 እና ከዚያ በላይ የሚጋልብ፣ ድንገትም የሚቆም ነው። የተነሳበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ ያኔ ምን ይሠሩ እንደነበር በደብተር ይመዝግቡ። ሐኪሙ ከሚጠይቅዎት ነገር ግማሹ ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ዓይነት፣ የቀደመችዋን ምት ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ይፈራዋል። እስኪ ማስረጃውን እንየው። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የልብ ሕመም የሌለባቸው 50 ወንድ የሕክምና ተማሪዎች ለ24 ሰዓት የልብ መቅጃ አስረው እንዲውሉና እንዲያድሩ ተደረገ። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ ቀዳሚ ምት በግማሾቹ፣ በ25ቱ ላይ ተገኘ፤ ከላይኛው ክፍል የሚነሳው ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ። እነዚህ ሁሉ ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። የአካሉ አሠራር ጤነኛ በሆነ ልብ ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ ቀዳሚ ምት በራሱ በሽታ ተብሎ የማይጻፈው ለዚህ ነው። «የአካሉ አሠራር ጤነኛ በሆነ ልብ ላይ» የሚለውን ግን አይዝለሉት። ያንን ማረጋገጥ የምርመራ ሥራ እንጂ የግምት አይደለም።

የሚከተሉት ካሉ የቅጥር ወረቀቱን ለጊዜው ይተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ራስን መሳት፣ በተለይ እየሠሩ ወይም እየሮጡ ሳለ፤ ከምቱ ጋር የሚመጣ የደረት ሕመም፤ ጋደም ሲሉ የሚብስ ትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት፤ በቤተሰብ ውስጥ ወጣት ሆኖ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ። በእኛ አገር በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተደጋግሞ፣ ከዚያ መገጣጠሚያ አብጦ ያውቃል? በወቅቱ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብ በርን የሚያበላሽበት ሩማቲክ የተባለው በሽታ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ከሚያሠቃዩት የልብ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ ነው። በሩ ሲጠብብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ይርገበገባል፤ በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ የረጋ ደም ደግሞ ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ያደርጋል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ድርጅት በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከሉን ሲከፍት ከተሰለፉት ሕፃናት ብዙዎቹ የዚሁ በሽታ ተጠቂዎች ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሥራ ፈላጊ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው «አልፌ ልቀጠር» ብሎ ሲደብቅ የሚያጣው ከሥራው የከበደ ነገር ነው።

አደገኛ ምልክት ከሌለ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይለፉ፤ ልብን ያለ በሽታዋ የሚያዘልሏትን ነገሮች ማስወገድ። እዚህ ላይ ደብረ ታቦር ያለችበት ደቡብ ጎንደር የራሱ ዝርዝር አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ሲኒ የጠጣ፣ ሌሊቱን ለፈተና ያደረ፣ በባዶ ሆዱ የዋለ ሰው ልቡ ቢዘል ልቡን አይክሰስ። የበዓል አረቄ ሌላው ነው። በተከታታይ ጠጥቶ ያደረ ጤነኛ ሰው በማግስቱ ልቡ የተርገበገበበት ጊዜ በሕክምና በደንብ የታወቀ ነው፤ ሐኪሞችም ስያሜውን ከበዓል ነው የወሰዱት። ጫትም ምቱንም ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል። የአፍንጫ መዘጋትን የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም እንዲሁ። ከምርመራው በፊት ባለው አንድ ሳምንት እነዚህን ቢተዉና በሚገባ ቢተኙ፣ መዝለሉ የጠፋ እንደሆነ መንስኤውን አወቁት ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም፤ ማጭበርበር የሚሆነው በሽታን መሸፈን ነው። ቡና የቀሰቀሰውን መዝለል ቡና በመተው ማቆም ግን ማንኛውም ሐኪም በመጀመሪያ የሚያዝዘው ሕክምና ነው።

ደጋው ራሱም ጥያቄ ያስነሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከቆላ ለፈተና ትናንት ማታ የገባ ሰው ዛሬ ጠዋት ልቡ ከወትሮው ቢፈጥን የሚጠበቅ ነው፤ ከተቻለ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ደጋውን ሰበብ አያድርግ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የደማቸው ኦክሲጅንም የሄሞግሎቢናቸውም መጠን ለቆላ ነዋሪ የቀረበ ሆኖ አግኝቷል። የአገሩን ቀዝቃዛ አየር ለምዶ ያደገ ሰው ልቡ ያለማቋረጥ ከ100 በላይ የምትመታ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ከእነዚያ ምክንያቶች አንዱ እንቅርት ነው። በደጋው የአዮዲን እጥረት የቆየ ችግር ነው፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ ከተደነገገ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም ለዓመታት ያደገ እንቅርት በጨው አይመለስም። አንዳንዱ እንቅርት ሆርሞኑን ከመጠን በላይ ያመነጫል። ያኔ ልብ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይርገበገባል፤ ሰውየው ይከሳል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ሰው ልቡን ቢመረመር ቢመረመር መንስኤው አይገኝም፤ አንገቱን ነው መመርመር ያለበት። ሲታከም ምቱም ብዙ ጊዜ ይረጋል። የደም ማነስም ልብን ያስሮጣል፤ በተለይ ሴቶች ሄሞግሎቢናቸውን ሳይለኩ «ልብሽ ይፈጥናል» ተብለው መሸኘት የለባቸውም።

ከምክንያቶቹ የመጨረሻው የመድኃኒት ነገር ነው፤ ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ይረሳል። የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የሆኑት ፎገራና ሊቦ ከምከም ወባ አለባቸው። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ወጣትም ወባ ወይም ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ በተወሰነ ደረጃም ኳርተም፣ በኢሲጂ ወረቀት ላይ ኪውቲ የሚባለውን ልክ ሊያረዝሙ ይችላሉ። ለካላዛር የሚወጋው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ በዚህ ይታወቃል። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳው የካላዛር ወረርሽኝ ይህን መድኃኒት ለወረዳው ሕዝብ አስተዋውቆታል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ይመለሳል። ስለዚህ ወባን ሳይታከሙ ለምርመራ መቅረብ ሳይሆን፣ በቅርቡ የወሰዱትን መድኃኒት ስምና ቀን ለመርማሪው መንገር ነው መፍትሔው። ያልተነገረው ሐኪም ያንን መስመር አይቶ አብሮ የተወለደ በሽታ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

አራተኛው እርምጃ ከሁሉም ወሳኙ ነው፤ ምርመራውን ከሚሞላልዎት ሰው ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት፣ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው፣ እንደ ታካሚ ይሂዱ። «ሰርተፍኬት ልሙላ» ብሎ የገባ ሰውና «ልቤ ይዘላል» ብሎ የገባ ሰው የሚያገኙት ጥያቄም ምርመራም አንድ አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል የሄደ አባል ሙሉውን ሽፋን አያገኝም። ፎገራ መድኑ በአገር ደረጃ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ስለነበረች አሠራሩን በዚያ አካባቢ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ከዚያ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የሚጠብቁት ኢሲጂ ነው፤ አሥር ቦታ ላይ ተለጥፎ ልብን በአሥራ ሁለት አቅጣጫ ያነብባል፤ ሕመም የለውም። ግን ወረቀቱ ላይ የሚታየው አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን ይወቁ። በቀን ሁለቴ የሚዘል ልብ በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ላይዘል ይችላል። «ኢሲጂዬ ንጹሕ ነው» ማለት «ምንም የለብኝም» ማለት አይደለም፤ በተቃራኒውም አንዲት የተዘለለች ምት የተገኘበት ወረቀት በሽተኛ ነዎት ማለት አይደለም። የሚዘለው ሲመጣብዎት በአቅራቢያዎ ኢሲጂ ወዳለበት ተቋም ሮጦ መድረስ፣ ሌላ ቀን ከሚደረግ ውድ ምርመራ የበለጠ ይጠቅማል። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ የሄሞግሎቢን፣ የእንቅርት ሆርሞንና የፖታሲየም ምርመራ ያዝዛል። ካላዘዘ ለምን እንዳላዘዘ በትሕትና ይጠይቁ። እዚያ የማይሠራ ነገር ካለ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አሉ። መንገዱ የማይታመንበት ጊዜ ስለሚኖር ይህን ጉዞ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

«ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ነው፤ አንድ ፕሮፕራኖሎል ማታ ውጦ መግባት አይቀልም ወይ?» የሚል አለ። ክርክሩን በቀላሉ መተው አይገባም፤ ኪኒኑ በእርግጥ ምቱን ያዘገያልና። ሦስት ነገር ግን ያስቡበት። አስም ያለበት ሰው ይህን ኪኒን ውጦ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የልብ መስመሩ ቀድሞውኑ የተዳከመ ሰው ላይ ምቱ ከሚገባው በታች ይወርድና፣ ልሸሽግ ያለው ሰው ለመርማሪው የባሰ ነገር ያሳየዋል። ሦስተኛው የሚመጣው ከሕክምና ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ልባቸው በድንገት ደም አጥቶ የተጎዳ ሰዎች ቀዳሚ ምት ሲበዛባቸው፣ ምቱን በመድኃኒት ብናጠፋው ይድናሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ካስት የተባለው ትልቅ ሙከራ ይህን ፈተነ። መድኃኒቶቹ መዝለሉን አጠፉት፤ ወረቀቱ አማረ፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞቱ። ውጤቱ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሕክምናው ዓለም ያምንበት የነበረውን መንገድ ቀየረ። የተስተካከለ ወረቀትና ጤነኛ ልብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም ያዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ደግሞ በተቃራኒው፣ ለምርመራ ብለው አያቋርጡት፤ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለው ድንገት ሲቋረጥ ምቱ ይበልጥ ይፈጥናል። ጠበል የሚጠመቁም ከሆነ ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ በተለይ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሳምንት ሲያቋርጥ የሚመጣበት አደጋ ሽባነት ነው።

መርምሮ የጨረሰውን ሐኪም አንድ ደብዳቤ ይጠይቁ። «ጤነኛ ነው» የሚል ባለ ሦስት መስመር ወረቀት አይበቃም፤ የሚጠራጠር መርማሪ ይበልጥ ይጠራጠርበታል። ደብዳቤው የመዛባቱን ስም ይጥራ፤ በምን ምርመራ፣ በየትኛው ቀን እንደታወቀ ይግለጽ፤ ኢኮ ተሠርቶ ከሆነ የልቡ አካል ምን እንደሚመስል ይናገር፤ ራስ መሳት አለመኖሩን፣ መድኃኒት ካለ ስሙንና መጠኑን፣ መቼ ለክትትል እንደሚመለሱ ይጨምር። መጨረሻው ስለ ሥራው ይሁን፤ ለምሳሌ «ከቀዳሚ ምት በቀር የልብ ሕመም አልተገኘም፤ የማስተማር ሥራ ለመሥራት የሚከለክለው ነገር የለም» የሚል። የሚያመለክቱበትን ሥራ ለሐኪሙ ካልነገሩት ይህን ሊጽፍ አይችልም። ኢሲጂውን ራሱን ኮፒ አስደርገው አባሪ ያድርጉ። የኢሲጂ ወረቀት በፀሐይና በጊዜ ይደበዝዛልና ኮፒው ጌጥ አይደለም።

በምርመራው ቀን ብዙ ምክር አያስፈልግም። ተኝተው ያድሩ። ውኃ ጠጥተው ይምጡ፤ የጾም ወራት ከሆነና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን ተራ ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ውኃ የጠማው ሰው ምቱ ይፈጥናል። ዳገቱን ሮጠው አይድረሱ፤ በደብረ ታቦር ለሰዓት ብሎ የሮጠ ሰው ሲደርስ ምቱ 120 ቢሆን ማንም አይደነቅ። መርማሪው ከፍ ያለ ቁጥር ካነበበ «አሥር ደቂቃ አርፌ ይደገምልኝ» ይበሉ፤ ይህ መብት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው የሕክምና አሠራርም ነው። ብዙ ሰው በፍርሃት ብቻ ልቡ ይመታል፤ ባለሙያዎቹም ያውቁታል።

ፎርሙ ላይ «የልብ ሕመም አለብዎት?» የሚለው መስመር ጋ ሲደርሱ ያለዎትን ይጻፉና ደብዳቤውን ይስጡ። እዚህ ላይ ተቃውሞው ይበረታል፤ «የተናገረ ይቀራል፣ ያልተናገረ ይገባል» ይባላል። ይህ አንዳንዴ እውነት መሆኑን መካድ ሐቅን መሸሽ ነው። ብልሹ ቀጣሪ አለ፤ «ልብ» የሚለውን ቃል አይቶ ብቻ የሚያስቀር መርማሪም አይጠፋም። ሆኖም የደበቀው ሰው ምን ይጠብቀዋል? በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ልብ ደግሞ ለመዝለል የሚመርጠው የጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ጊዜን ነው፤ አዲስ ሥራ የሁለቱም ጊዜ ነው። በሥራ ቦታ ከወደቁ በኋላ ቀድሞ የታወቀና የተደበቀ ነገር መሆኑ ሲገለጥ፣ ሊረዳዎት የሚችለው አለቃ ያፍርብዎታል። የተናገረ ሰው ግን ደብዳቤው በእጁ ነው፤ ክርክሩን የሚያደርገው በማስረጃ ነው። በተጨማሪም ዝርዝሩ ለቀጣሪው መድረስ የለበትም። ቀጣሪው የሚያስፈልገው ብቁ መሆንዎን ወይም በምን ገደብ ብቁ እንደሆኑ ማወቅ ነው፤ የቀረው በሐኪምና በታካሚ መካከል የሚቀር ነው። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ደብዳቤውን ለሰው ኃይል ክፍል ሳይሆን ለመርማሪው ሐኪም መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ውጤቱ እንደጠበቁት ካልሆነ መጀመሪያ ወረቀቱን በትክክል ያንብቡት። «ብቁ አይደለም»፣ «ለጊዜው ብቁ አይደለም» እና «በገደብ ብቁ ነው» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ግን ሦስቱንም «ወደቅኩ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለጊዜው የተባለ ሰው ቀጣሪውን ቀን እንዲያራዝምለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የእንቅርትና የደም ማነስ ሕክምና በወራት ውስጥ ወረቀቱን ሊቀይረው ይችላል። በገደብ የተባለ ደግሞ ገደቡ የሚያመለክተውን ሥራ ይነካ እንደሆነ ይመልከት፤ «ከፍታ ላይ አይሥራ» የተባለ ሰው ሒሳብ ለመያዝ ምን ያግደዋል? ጭራሽ ብቁ አይደለም ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሌላ ሐኪም ወይም የሕክምና ቦርድ እንዲያየው ያመልክቱ። ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በቅሬታ ሰሚው፣ የግል ድርጅት ከሆነ በአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል አቤት ማለት ይቻላል። አንዳንዴም መርማሪው ትክክል ይሆናል። ራሱን እየሳተ አውቶቡስ ልንዳ የሚል ሰው መከልከሉ ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ያተርፈዋል፤ ሲታከምና ሲረጋጋ ተመልሶ ማመልከት ይችላል፤ እስከዚያው በሌላ ሥራ መግባት ይሻለዋል።

ከተቀጠሩ በኋላም ያን ኢሲጂ አይጣሉት። ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ሌላ ሐኪም አንድ የተለየ መስመር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «ድሮም እንዲህ ነበር?» ብሎ ነው፤ የድሮው ወረቀት በእጅዎ ካለ ጥያቄው ከኪስዎ በሚወጣ አንድ ወረቀት ይመለሳል።